ሽታ የሌለው ጎማ

ኮምቦልቻ ሙቀት ነው፤ እኔ ደግሞ እዚያው ተቀምጬ ጎማ አቀዘቅዛለሁ። ከደሴ ብርድ ወጥቼ፣ የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ፣ ጃኬቴን አውልቄ ቤተ ሙከራ ስገባ ሌላ ብርድ ይጠብቀኛል። ለከብት ማዳቀያ ከሚመጣው ፈሳሽ ናይትሮጅን ይደርሰናል። የጎማ ቁራጭ እነክርበትና በማሽን እጎትተዋለሁ። እንደ ልብ ይለጠጥ የነበረው ጎማ እንደ ብርጭቆ ቀጭ ይላል። ምን ያህል ሲበርደው እንደሚሰበር ማወቅ ነው ሥራዬ።

አባቴ ደሴ ፒያሳ ጥግ ላይ ከአሮጌ የመኪና ጎማ በረባሶ ይሠራ ነበር። ጎማውን ከመቁረጡ በፊት ጠርዙን ይነክሰዋል። የጥርሱ ምልክት ቶሎ ከጠፋ ይሠራበታል፣ ካልጠፋ ይጥለዋል። እናቴ «ቁርስ አልበላህም እንዴ?» እያለች ታሾፍበት ነበር።

ዘንድሮ ሞተ። ሰው ሁሉ ሲያለቅስ እኔ ድንኳን ስተክል፣ ውሃ ሳመላልስ ዋልኩ። «ጠንካራ ልጅ ነው» አሉኝ። ምን ጥንካሬ አለ! ምንም አልተሰማኝም፤ እሱ ነው ያስፈራኝ። እናቴም ፈርታለች። ከሥራ ስወጣ እየደወለች፣ ምሳ በላህ ወይ እንደሚባለው፣ «ዛሬስ አለቀስክ?» ትለኛለች።

ልብሱን ሰደቃ ሰጠችው። በረባሶው ግን አልቆ ስለነበር ለሰው የሚሰጥ አልነበረም።

«አንተ ጎማ ትፈልግ የለ? ውሰደው» አለችኝ። «ወላሂ፣ በሩ ላይ ባየሁት ቁጥር እቤት ያለ እየመሰለኝ ተቸገርኩ።»

ወሰድኩት። አሮጌ ጎማን ከአዲስ ጋር ማነጻጸር ነበረብኝ። ከተረከዙ ቆርጬ ነከርኩትና አወጣሁት። ነጭ አመዳይ ለብሷል። ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት፣ ምንም አይሸትም። እንደዚያ የቀዘቀዘ ጎማ እንደማይሸት አውቃለሁ፤ ግን የእሱ ነውና አሸተትኩት።

ማሽኑ ላይ አስሬው ልጎትት ስል መብራት ጠፋ። ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። ቁራጩ ቀስ በቀስ ላበው፣ ለሰለሰ፣ ከዚያ ሸተተ። የተቆረጠ ጎማ፣ አቧራ፣ ላብ። አባቴ ከሥራ ገብቶ ሊስመኝ ጎንበስ ሲል የሚሸተው ሽታ ነው። ዓይኔ ተቃጠለ።

ቶሎ ፈታሁትና መልሼ ናይትሮጅኑ ውስጥ ከተትኩት። ሽታው ጠፋ። እኔም ተረጋጋሁ።

ከሥራ ስወጣ እናቴ ደወለች።

«ዛሬስ?»

«አልመጣልኝም፣ እማ።»

«አብሽር ልጄ፣ ይመጣል» አለችኝ።

መጥቶስ ነበር። የመለስኩት እኔ ነኝ።