እማማን ያስተማርኳቸው ዝምታ

የያዙኝ መገናኛ፣ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ነው። ሲቪል የለበሱ ሁለት ሰዎች ግራና ቀኝ ቆሙ፤ አንደኛው ስሜን ጠራና «ለጥያቄ ትፈለጊያለሽ፤ ሰው እንዳይሰበሰብ ዝም ብለሽ ነይ» አለኝ። ዝም ብዬ ሄድኩ። ስለ ሰፈራችን ቤቶች መፍረስ ፌስቡክ ላይ በጻፍኩት እንደሆነ መኪናው ሳይነሳ ገብቶኝ ነበር።

ክፍሉ እንጦጦ ሥር ካለ አንድ ፖሊስ ጣቢያ ጓሮ ነበር። ሲሚንቶው ላይ ስፖንጅ ፍራሾች ተነካክተው ተዘርግተዋል። በረኪናና እርጥብ ብርድ ልብስ ይሸታል። ሴቶቹ ቀና ብለው አዩኝና መልሰው አቀረቀሩ። «ጠጋ በሉላት እንጂ፣ ልጅቷ ቆማ ልትቀር ነው?» ያሉት ጥግ የተቀመጡ አሮጊት ናቸው። እማማ እንላቸው ነበር። የሠሩት ነገር አልነበረም፤ ልጃቸው ተፈልጎ ሲታጣ በእሱ ፈንታ ነው ያመጧቸው።

ከመታሰሬ በፊት ከሥራ ስወጣ ዮጋ እሠራ ነበር። ከዚያ ሁሉ የሰውነት ማፍታታት ውስጥ ክፍሉ ውስጥ የጠቀመኝ አንዱ ብቻ ነው፤ ዓይንን ጨፍኖ ትንፋሽን መከተል። ጠዋት ከተራራው የሚወርደው ብርድ በበሩ ሥር ሲገባ፣ ጀርባዬን ቀጥ አድርጌ፣ እግሬን አጣጥፌ እቀመጣለሁ። መጀመሪያ ሐሳቤ መርማሪው ጋር ይሮጣል፤ እመልሰዋለሁ። እናቴ ጋር ይሄዳል፤ እመልሰዋለሁ። ከዚያ ትንሽ ጸጥ ይላል። ሌሎቹ ሲያለቅሱ እኔ መረጋጋቴ ያሳፍረኝ ነበር፤ እነሱን ጥዬ የወጣሁ ይመስለኝ ነበር።

መሪ ከሚባለው ሰፈር የመጣች አንዲት ነጋዴ፣ ፕሮቴስታንት ናት፣ አልወደደችውም። «እህቴ፣ ጭንቅላትን ባዶ ማድረግ ለማን በር መክፈት እንደሆነ ታውቂያለሽ?» አለችኝ።

«ትንፋሼን ነው የማዳምጠው።»

«እኔ እጸልይልሻለሁ» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እውነትም ትጸልይልኝ ነበር።

አንድ ቀን ለፀሐይ ሲያወጡን እማማ አጠገቤ ተቀመጡ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጄ፣ ይሄ የምትሠሪው ነገር ልብ ያረጋጋል?» አሉኝ።

«አንዳንዴ።»

«ሲጠይቁኝ ልጄ ያለበት ቦታ ምላሴ ጫፍ ላይ ይመጣል። ባልናገር እንኳ ፊቴ ያሳብቅብኛል። እሱ ያለው እኮ...»

«አይንገሩኝ!» አልኳቸው። «እኔንም ይጠይቁኛል።»

ፈገግ አሉ። «እንግዲያስ አስተምሪኝ። ከሃይማኖቴ ግን እንዳታወጪኝ።»

ትንፋሹን በራሳቸው ጸሎት እንዲይዙት ነገርኳቸው። አየር ሲያስገቡ «እግዚኦ»፣ ሲያስወጡ «መሐረነ»። እግራቸውን ማጠፍ ስላቃታቸው ብርድ ልብሴን ጠቅልዬ ከሥራቸው አደረግሁላቸው። በመጀመሪያው ቀን አንቀላፉ። በሁለተኛው አለቀሱ። እየቆየ ግን ፊታቸው ላላ፤ ግንባራቸው ላይ የነበረው መጨማደድ ረገበ። ነጋዴዋ እንኳ መቃወሟን ተወች።

ከዚያ ለምርመራ ጠሯቸው። ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ። ሲመለሱ ተረኛዋ ፖሊስ እጃቸውን ይዛ አስገባቻቸውና እኔን ወደ በሩ ጠራችኝ። ክፉ ሴት አልነበረችም።

«ምን አስተማርሻቸው?» አለችኝ።

«ምንም። ምነው?»

«ዛሬ ሊለቋቸው ነበር እኮ። እስከ ዛሬ እያለቀሱ፣ እግር ላይ እየወደቁ፣ አለቃው ‘እኚህ ሴትዮ ምንም አያውቁም’ ብሎ ነበር። ዛሬ ዓይናቸውን ጨፍነው ቁጭ! ‘እማማ፣ ዓይንሽን ግለጪ’ ቢላቸው ትንፋሻቸውን እስኪጨርሱ አልገለጡም። ‘የሚደብቀው ነገር የሌለው ሰው እንዲህ አይረጋጋም’ አለ። ይቆዩ ተባለ።»

በሩ ተዘጋ። እማማ ቦታቸው ተቀምጠው የሻሻቸውን ጫፍ ያጥፋሉ። አጠገባቸው ተንበረከክሁ። «እማማ፣ እኔ ነኝ ያስቀረሁዎት» አልኳቸው።

«ማን ነገረሽ?»

«ፖሊሷ። ቢያለቅሱ ኖሮ ዛሬ ቤትዎ ነበሩ።»

«ቆይ እስቲ» አሉኝ። «እዚህ ከመጣሁ የስንቱን ጫማ ይዤ ለመንኩ። ዛሬ ማንንም ሳልለምን ከምርመራው ወጣሁ። ልጄንም አልሸጥኩት። በይ ተነሺ፣ ሲሚንቶው ይበርድሻል።» ከዚያ ጀርባቸውን አቀኑ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ትንፋሻቸውን ሳቡ። እኔ በዚያ ቀን ዓይኔን መጨፈን አልቻልኩም።

እኔን ቀድመው ለቀቁኝ። ዕቃዬን ስሰበስብ እሳቸው እንደ ሙሽራ እናት እልል ሊሉ ቃጣቸው፤ ፖሊሷ ተቆጣች። ክረምቱን ሙሉ እዚያው ከረሙ። የመስከረም ፀሐይ ሲወጣ ተለቀቁ፤ ፖሊሶቹ ልጃቸውን መፈለግ በምን ምክንያት እንደተዉ የነገረን የለም። አሁን ከእናቱ ጋር ነው የሚኖረው።

እማማን እየሄድኩ እጠይቃቸዋለሁ። ቤታቸው ከአስፋልቱ በላይ ዳገቱ ላይ ነው። ከዚያ ክረምት በኋላ ጉልበታቸው አልተሻላቸውም፤ ከወንበር ሲነሱ ልጃቸው በብብታቸው ይዞ ያነሳቸዋል። ስለ እስር ቤቱ ሲያወሩ ጎረቤቱን ያስቃሉ። «መምህሬ መጣች» ብለው ያስተዋውቁኛል፤ ሰው ሁሉ ብድግ ይልልኛል። ልጃቸው እጄን በሁለት እጁ ይጨብጣል፤ እናቱ እሱ ያለበትን ሳይናገሩ የወጡት በእኔ እንደሆነ ነው የሚያምነው። ልክ ሳይሆን አይቀርም። እኔ ግን እሱ ሲያመሰግነኝ የማየው የእናቱን ጉልበት ነው።

በሄድኩ ቁጥር ይቅርታ ልጠይቃቸው አስባለሁ። በፊት ስሞክር «አሁንስ አበዛሽው» ብለው ተቆጥተውኛል። ስለዚህ የሎሚ ቅባት ይዤ እሄዳለሁ፤ ቁጭ ብዬ ጉልበታቸውን አሻለሁ። እሳቸው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። እኔ ዓይኔን ገልጬ አያቸዋለሁ።