የአስካለ ጥቁር ቀሚስ በነጭ ለባሾች መርከብ ላይ

ከሮውሌት መነሻ

ቅዳሜ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ከምንኖርባት ከተማ ከሮውሌት ስንነሳ እኔ የኋላ ወንበር ላይ፣ በሻንጣና በልጅ ልጄ በማያ መካከል ተሰክቼ ነበር። ሠላሳ ዓመት ከኤርፖርት መንገደኛ ያመላለስኩ ታክሲ ነጂ፣ ዛሬ እንደ ዕቃ ተጫንኩ። መኪናውን የያዘችው ልጄ ሰብለ ናት። የምንሄደው ጋልቨስተን ወደብ ነው፤ እዚያ መርከብ ተሳፍረን አምስት ቀን ልንዝናና። «ልንዝናና» የምትለዋ ቃል የሰብለ ናት፤ እኔ የለሁበትም።

የጉዞው ምክንያት ከፊት ተቀምጣለች፦ ባለቤቴ አስካለ። ታላቅ እህቷ ደሴ ላይ አርፋ፣ ሙት ዓመቷ ከወጣ እንኳ ሦስት ወር አልፎታል። አስካለ ግን ጥቁሩን አላወለቀችም። «ቀብሯ ላይ ያልቆምኩ ሴት ቀን ቆጥሬ አላወልቅም» ነው መልሷ። ሴቶቹ ለመኗት፣ የንስሐ አባቷ ተቆጧት፤ ወይ ፍንክች። ሰብለ ታዲያ የመርከቡ ፕሮግራም ላይ «የነጭ ምሽት» የሚል አየች፤ ሰው ሁሉ ነጭ ሲለብስ እማዬ ብቻዋን ጥቁር አትሆንም ብላ ቡክ አደረገች። ነጭ የሐበሻ ቀሚሷንም ደብቃ ሻንጣ ውስጥ ከተተች። እናትሽን አታውቂያትም ብዬ ነበር።

«አባዬ፣ ሪፈንድ የለውም» አለችኝ። በዚህ አገር ክርክር የሚያልቀው እንዲህ ነው።

መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፤ ሜዳ፣ ቢልቦርድ፣ እንደገና ሜዳ። ሂውስተን ሳንደርስ አንድ ማደያ ቆመን ሥጋ በዳቦ በላን፤ አንዱ አሥራ ሁለት ዶላር። ሽንት ቤቱ ግን ከሳሎኔ ይሰፋል፤ ደጋግሜ ገብቼ ዋጋዬን አስመለስኩ።

መርከቡ

ኤርፖርታችን አጠገብ፣ ግሬፕቫይን ያሉትን ሆቴሎች ደራርባችሁ ውሃ ላይ ብትጥሏቸው ይህን መርከብ ይመስላሉ። ክፍላችን መስኮት የለውም። ጣሪያው ላይ ድምፅ ማጉያ አለ፤ አንድ ጎረምሳ የመዝናኛ ኃላፊ በየሰዓቱ ተደስታችኋል ወይ እያለ ይጮህበታል። እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር ብትለው የሚሰማህ የለም። ምግቡ አያልቅም፤ ሰልፉም አያልቅም።

የመጀመሪያው ምሽት የአበባ ነበር፤ አንገቴ ላይ የወረቀት ጉንጉን አጠለቁልኝና ለፋሲካ የተገዛ በግ መሰልኩ። ሁለተኛው በፈረንጅ አቆጣጠር የሰማንያዎቹ ዘመን ምሽት ሆነና ጎፈሬ የሚያህል ዊግ ደፉብኝ። ማያ ዓይን ዓይኔን እያየች «አባባ፣ አንተ ኤይቲስ ላይ ምን ትለብስ ነበር?» አለችኝ።

ሱዳን፣ ስደተኛ ካምፕ ነበርኩ። «አንድ ሸሚዝ» አልኳት።

አስካለ በሁለቱም ምሽት ጥቁሯን ለብሳ ጥግ ተቀመጠች።

የነጭ ምሽት

በሦስተኛው ቀን ሰብለ ነጩን ቀሚስ አልጋው ላይ ዘረጋችው። አስካለ አየችው፤ ጥለቱን በጣቷ ዳሰሰች፤ መልሳ አጠፈችው።

«ሐዘኔን የሚያስወልቀኝ ማይክሮፎን የያዘ ልጅ ነው?» አለች። ሰብለ መታጠቢያ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች።

እኔም የተገዛልኝን ነጭ ልብስ ትቼ፣ ከሠርግም ከለቅሶም የማትቀረውን ጥቁር ሱፌን ለበስኩ። ሚስቴ ብቻዋን እንዳትሆን ነው። ነጩ ሱሪ ቦርጬ ላይ አልዘጋ ማለቱም ረድቶኛል።

የላይኛው ወለል ላይ ስንወጣ ሰዉ እንደ ጥምቀት ነጭ በነጭ ሆኗል። ጥቁር የለበስነው እኛና አስተናጋጆቹ ብቻ ነን። አንዲት ወፍራም ሴትዮ ባዶ ብርጭቆዋን እጄ ላይ አስቀመጠችና ሁለት ድገም፣ በረዶ ጨምርበት አለችኝ። አስካለን ዞሬ አየኋት። ከዚያ እጅ ነስቼ ሄድኩና አመጣሁላት። ከጎኗ ያሉትም አዘዙኝ። አንዱ ሽማግሌ ቢራውን ስላዘገየሁበት ገሠጸኝ፤ ይቅርታ ጠየቅሁት።

ስመለስ የአስካለ ትከሻ ይንቀጠቀጣል። ማልቀሷ ነው ብዬ ደነገጥኩ። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ እየሳቀች ነበር። ያንን ሳቅ ከሰማሁት ከዓመት በላይ ሆኖኛል።

«አንተ ሰውዬ፣ እዚህም ሥራ ጀመርክ?»

«ምን ላድርግ፣ ዩኒፎርሙን ያስለበስሽኝ አንቺ ነሽ።»

እንባዋን ጠራረገች። «እትዬ ብታይህ በሳቅ ትሞት ነበር» አለች። እህቷን ሳታለቅስ ስታነሳት የመጀመሪያዋ ነው።

በማግስቱ

አራተኛው የባሕር ወንበዴዎች ምሽት ነበር፤ መርከቡ በሙሉ ጥቁር ለብሶ፣ የራስ ቅል አንጠልጥሎ ይጨፍራል። እኔን አንድ ዓይኔን በጨርቅ ሸፈኑኝ፤ በቀረችው ዓይኔ ደረጃ ስፈልግ አስካለ ከክፍላችን ወጣች። ነጩን ቀሚስ ለብሳለች።

ሰብለ አፏን ልትከፍት ስትል እግሯን ረገጥኳት። ማያን ግን ማን ይርገጣት?

«እማማ፣ ዛሬ እኮ ፓይሬት ናይት ነው። ጥቁር ነው የሚለበሰው።»

«እኔ ጥቁሩን ጨርሻለሁ» አለች አስካለ ጥለቷን እያስተካከለች። «አሁን እነሱ ይልበሱት።»

ወደ ቤት

ሐዘን የራሱ ቀን አለው፤ የመርከብ ፕሮግራም አያነብም። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ይህንን ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ሁለተኛ መርከብ እንደማልሳፈር። ሰብለ እስካሁን የነጭ ምሽት ነው የሠራው ትላለች፤ ተዉአት፣ ከፍላበታለች።

ሮውሌት ገብተን ሻንጣ አወረድኩ። አስካለ ሶፋው ላይ ተቀምጣ ውሃ አዘዘችኝ፣ በረዶ ጨምርበት ብላ። ሱፉን አልለበስኩም እኮ ብላት አልሰማችኝም። ይዤላት ሄድኩ።