ያልተቀመሰው ፎሶሊያ

ሰፈሩ ሁሉ «ሹፌሩ» ነው የሚለው። ሠላሳ ዓመት ያህል የከተማ አውቶቡስ ነድቶ ጡረታ ወጣ፤ ስሙ ግን ጡረታ አልወጣም። ሚስቱ እንኳ ሲከፋትም ሲደላትም የምትጠራው በዚሁ ስም ነበር፤ የሚለየው ድምጿ ነው።

ወደዚያ ቤት ሲገቡ ጓሮው የግንበኛ ፍርስራሽ የተደፋበት ባዶ መሬት ነበር። የሹፌሩ ሐሳብ ሲሚንቶ አስደፍቶ የራሱን መኪና ማቆም ነው። «ቀኑን ሙሉ የሰው መኪና ስነዳ ውዬ፣ ማታ የራሴን ላያት አማረኝ» ይል ነበር። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ ነገር አታበዛም። አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ ልክ መሃሉ ላይ፣ መኪናዋ ትቆምበታለች ባለው ቦታ፣ በጣሳ ያፈላቻቸውን የቲማቲም ችግኞች ተክላ አገኛት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ቲማቲም።»

«መኪናዬስ?»

«ስትመጣ እነቅለዋለሁ።»

መኪናዋ የውሃ ሽታ ሆና ቀረች። ቲማቲሙ ግን ዓመት ሳይዘል መጣ፤ ካሮቱን፣ ቀይ ሥሩንና ፎሶሊያውን አስከትሎ።

ሹፌሩ ዛሬ ዓይኑን ጨፈን ሲያደርግ ቀድሞ የሚመጣበት ቲማቲሙ በጠርሙስ የሚታሸግበት ቀን ነው። ከፈረቃ ሲገባ የወጥ ቤቱ መስኮት በእንፋሎት አልቦት፣ ልጆቹ እጅጌያቸውን ሰብስበው ጠርሙስ ሲያጥቡ፣ ትልቁ ድስት ውስጥ ቲማቲም የሞሉት ጠርሙሶች እርስ በርስ እየተነካኩ ሲንኳኩ። ሚስቱ በየጠርሙሱ የሎሚ ጭማቂ ትጨምራለች፤ አፋቸውን በንጹሕ ጨርቅ ጠርጋ ትከድናቸዋለች። ፈልተው ወጥተው ጠረጴዛ ላይ ሲቀዘቅዙ ክዳናቸው ተራ በተራ «ጧ!» እያለ ወደ ውስጥ ይሰምጣል፤ ልጆቹም ጧ ባለ ቁጥር ያጨበጭባሉ። ጧ ያላለው ጠርሙስ የዚያው ቀን ራት ይሆናል። እሱ ልርዳ ብሎ ጠጋ ሲል «አንተ መሪህን ያዝ» ትለዋለች። ያኔ ቅር ይለው ነበር። አሁን መባረሩም ናፍቆታል።

ልጆቹ አግብተው ወጡ። ዕድሜ ልካቸውን መርፌና መቀስ የያዙት የሚስቱ ጣቶችም ደርቀው አልታጠፍ አሉ። እሱ ጡረታ የወጣው በዚያው ሰሞን ነው። እሷ በሩ ላይ ወንበር አስወጥታ ታዛለች፣ እሱ ይቆፍራል።

«ወደ ግራ! ካሮቱን ረገጥከው እኮ! ያን ሁሉ ዓመት ነድተህ ግራህን አታውቅም?»

«ሹፌር ማነጋገር ክልክል ነው» ይላታል፣ ቀና ሳይል። እሷ በሳቅ ትፈርሳለች። እንዲህ እየተባባሉ እጁ አፈር ለመደ። ማለዳ ተነስቶ ቅጠል ገልጦ ካላየ ቁርሱ አይወርድለትም።

አንድ ዓመት ፎሶሊያው ጉድ አሰኘ። ለጎረቤት ተሰጥቶ፣ ተበልቶ አላልቅ አለ። ሚስቱ በዚያን ጊዜ አራስ ልጇ ዘንድ ሄዳ ሰንብታለች። «ስትመጣ አፏን ነው የማስይዛት» አለ ሹፌሩ ለራሱ። ፎሶሊያውን ለቅሞ፣ ጫፍ ጫፉን ቀንጥሶ፣ በየጠርሙሱ አቁሞ፣ ውሃና ጨው ጨምሮ ቲማቲሙ ይፈላ እንደነበረው አፈላው። ክዳኖቹ ጧ ጧ ሲሉ ብቻውን አጨበጨበ።

ሚስቱ መጥታ መደርደሪያውን ስታይ ፊቷ በራ። «አንተ ነህ ይሄን ሁሉ?» አለችና አንዱን ጠርሙስ አንስታ ወደ ብርሃን አዞረችው። «ኮምጣጤ ጨምረሃል አይደል?»

«የምን ኮምጣጤ? ውሃና ጨው ነው። ግማሽ ቀን አፍልቼዋለሁ!»

ጠርሙሱን መለሰችው። «ይሄ አይበላም።»

«ምን ሆኖ?» እልህ ያዘው። አንዱን ከፍቶ አሸተተው፤ ደህና ነው። በማንኪያ አንድ ፍሬ አውጥቶ ወደ አፉ ሲያስጠጋ፣ በዚያ በማይታጠፍ እጇ ማንኪያውን መታችው። ግድግዳውን ነክቶ ወለሉ ላይ ወደቀ።

ከተጋቡ ጀምሮ እጇን አንስታበት አታውቅም። ሁለቱም ደነገጡ። ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ልጅ ሆኜ የሠራሁበት የልብስ ስፌት ቤት» አለች፣ «ልብስ የምትተኩስ ጓደኛ ነበረችኝ። ስትስቅ የስፌት መኪናው ድምፅ አይሰማም። አንድ ቀን ለምሳዋ ቤት የታሸገ ፎሶሊያ በላች። ሽታውም ጣዕሙም ደህና ነበር። በማግስቱ ‹አንዱን ሸሚዝ ሁለት አድርጌ እያየሁ ነው› ስትል ሳቅንባት። ወዲያው ምላሷ ተሳሰረ፤ የዓይኗን ቆብ ማንሳት አቃታት። ሐኪም ቤት ስንት ወር በማሽን ተነፈሰች። ነፍሷ ተርፋለች። ሳቋ ግን አልተመለሰም።»

ሹፌሩ የተከፈተውን ጠርሙስ ከፊቱ ገፋ አደረገው።

«ቲማቲም የራሱ ኮምጣጣነት አለው፤ ሎሚው ያግዘዋል» አለች ለስለስ ብላ። «ፎሶሊያ ግን የለውም። መርዙን የሚያመጣው ተሐዋሲ ዘሩ በፈላ ውሃ አይሞትም፤ አየር የሌለበት ጠርሙስ ደግሞ ምቹ ቤቱ ነው። ወይ በኮምጣጤ ነው፣ ወይ በዚያ በእንፋሎት ግፊት በሚሠራው የማሸጊያ ድስት። እሱን እኛ የለንም።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልነገርሽኝም?»

«መቼ አስጠግቼህ አውቃለሁ?»

ተነስቶ ጓንት አጠለቀ። የታሸጉትን ሳይከፍት፣ የተከፈተውንም ከነማንኪያው በወፍራም ፌስታል ደራርቦ ጠቅልሎ፣ ሰውም እንስሳም እንዳያገኘው አድርጎ ጣለ። ጠረጴዛውንና ወለሉን በበረኪና አጠበ። ልፋቱ ብቻ ሳይሆን፣ አፏን አስይዛታለሁ ያለበት ደስታ ነው አብሮ የተጣለው። ራት ሳይበላ ተኛ።

ፎሶሊያው ግን አኩራፊ አይጠብቅም፤ በሳምንቱ ደግሞ ደረሰ። ሚስቱ ምድጃው አጠገብ ሁለት ወንበር አስቀምጣ ጠራችው። ኮምጣጤውን እኩል ከውሃ ጋር እንዴት እንደሚለካ፣ ከጠርሙሱ አፍ ምን ያህል ባዶ እንደሚተው፣ ክዳኑ ያበጠ ወይም ሲከፈት የሚንፈቀፈቅ ከተገኘ «ልቅመሰው» እንደማይባል አንድ በአንድ ነገረችው። እሷ በአፏ፣ እሱ በእጁ። ሹፌሩ የኖረበትን ወጥ ቤት ያን ቀን ገና ገባበት። ከዚያ በኋላ የነበሩት ዓመታት ከትዳራቸው ሁሉ የሚጣፍጡት ነበሩ። ሲያወራቸው ድምፁ ይቀንሳል።

እሷ ካረፈች ወዲህ ጓሮው ጦሙን አላደረም። ባለፈው ልጁ ልትጠይቀው መጥታ፣ ስትሄድ ፎሶሊያ በኮምጣጤ የታሸገባቸውን ጠርሙሶች አሸከማት። ሳምንት ሳይሞላ ደወለች።

«አባዬ፣ ፎሶሊያው አለቀ እኮ።»

«እንዴት ያልቃል? ለወራት ብዬ ነው የሰጠሁሽ!»

«ልጆቹ መች አስተረፉልኝ! ከጠርሙሱ ላይ ነው የጨረሱት።»

«አይ የዘንድሮ ልጅ!» እያለ አጉረመረመና ስልኩን ዘጋ። ከዚያ አካፋውን ይዞ ወጣ፤ አጥሩ ሥር ለፎሶሊያ የሚሆን አንድ መደብ ጨምሮ ሲቆፍር ዋለ።