ሁለት አለቃ

መሥሪያ ቤት «ጠርጣሪዋ» ይሏታል። እናቷም «ይቺ ልጅ የገዛ ጥላዋን አታምንም» ትላለች። የዩኒቨርሲቲው ፕሮግራመር ናት፤ የምትጽፈው ሶፍትዌር አንድን ከባድ ስሌት ቆራርሶ በየሕንፃው ላሉ ኮምፒውተሮች ያከፋፍላል፣ ውጤቱንም መልሶ ይለቅማል። እናቷ ሥራዋ ምን እንደሆነ ስትጠይቃት «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ አይደል? እኔ ሎሚውን አዳይ ነኝ» አለቻት።

«ሎሚ ለማደል ነው እንዴ ይሄን ሁሉ የተማርሽው?»

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ኮሪደሩ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተ። ሁሉም «ጋሼ» የሚላቸው ኤሌክትሪሺያን መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ አሳርፈው ወዲያው መነጨቁት።

«ግድግዳው ግሏል። መብራት ላጠፋ ነው፣ ውጡ!»

ስሌቱን በእሷ ሶፍትዌር የሚያሠራ አንድ የልብ ሐኪም ተስፈንጥሮ ተነሳ። የታመሙ ሕፃናትን የሚያጠናበት ስሌት ለሳምንታት ሲሠራ ከርሞ ሊያልቅ ትንሽ ቀርቶታል፤ ሥራውን የሚያስተባብረው ዋናው ኮምፒውተር ደግሞ እዚሁ ሕንፃ ውስጥ ነው።

«ጋሼ፣ በሞቴ፣ ትንሽ ይታገሡኝ!»

«እሳት ዶክተር ነው ብሎ አይምርም።»

የክፍሉ ኃላፊ ወደ ፕሮግራመሯ ዞረ። «ዋናው ቢጠፋ ሌላ ይተካዋል ብለሽን ነበር። ይተካል?»

በጥቂት ማሽኖች ሞክራዋለች፤ በመላው ግቢ ግን አንድም ቀን።

«እንጃ» አለች። «ግን ጋሼ፣ ያጥፉት።»

ሐኪሙ ገላመጣት።

ጋሼ መብራቱን አጥፍተው ሕንፃው ጭር ሲል እሷና ሐኪሙ መብራት ወዳለበት ቤተ መጻሕፍት ሮጡ። እዚያ ስክሪኑን ከፈተች፤ ማሽኖቹ አለቃቸውን፣ የጠፋውን ዋናውን ኮምፒውተር፣ እየተጣሩ ነው፣ መልስ የለም። ቆይቶ ከመካከላቸው አንዱ፣ የቤተ መጻሕፍቱ ማሽን፣ ቦታውን ያዘ።

«ተካ!» ብሎ ጮኸ ሐኪሙ፤ አንባቢዎች ቀና አሉ።

እሷ ግን ፊቷ አልተፈታም። መብራቱ ሲጠፋ የሕንፃዎቹ መስመር ለአፍታ ተቋርጦ ስለነበር፣ ወዲያ ማዶ ካለው ላቦራቶሪም ሌላ ማሽን «አለቃው እኔ ነኝ» ብሎ ተነስቷል። ሁለቱም ውጤታቸውን አንድ ቦታ ላይ ሊጽፉ ነው። ከጻፉ ደግሞ የሳምንታቱ ልፋት ውሉ እንደጠፋበት ልቃቂት ይሆናል።

«እውነተኛው የትኛው ነው?»

«ሁለቱም። ጣጣው እሱ ነው፣ ዶክተር።»

ማን ብዙ ተከታይ እንዳለው አየች። የቤተ መጻሕፍቱ ይበልጣል። የማዶውን አስቆመች።

«ምን ያህል ጠፋ?»

«የማዶዎቹ የዛሬ ሥራ። እንደገና ይሠሩታል።»

ሐኪሙ ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ። «ለሕፃናቱ ወላጆች ውጤቱን ነገ እነግራችኋለሁ ብዬ ነበር።»

«ከነገ ወዲያ ይበሏቸው። ነገ ብዬ አልዋሽዎትም።»

ወደ ማምሻው ጋሼ ክንዳቸው ጥላሸት ለብሶ መጡና ሽፋኑ የቀለጠ ገመድ ጠረጴዛው ላይ ጣሉ። «ከጀርባው እንጨት ነበር» አሉ፤ «ትንሽ ብንዘገይ ይያያዝ ነበር።» ሐኪሙ ገመዱን ብዙ ካየ በኋላ ወንበር ስቦ አስቀመጣት።

ውጤቱ እንዳለችው በሁለተኛው ቀን ደረሰ። እሷ ሳምንቱን ሙሉ ሁለት አለቃ እንዳይነሣ የሚከለክለውን ሕግ ስትጽፍ ሰነበተች፤ ጽፋም አላመነችውም፣ ሰው በተሰበሰበበት መብራት አስጠፍታ ፈተነችው።