አባቴ ስፒከር ሲመርጥ

ባለፈው ሳምንት ለልጄ ኮምፒውተር ስፒከር ልገዛ ሮቫ ዩድ ዛይን በሚባለው ሰፈር ካለ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ገባሁ። ሻጩ ልጅ ካርቶኑን ቀድዶ ሲከፍተው የአዲስ ፕላስቲክና የስፖንጅ ሽታ ሽው ብሎ አፍንጫዬን መታኝና እግሬ እዚያው ተተክሎ ቀረ። እሱ ምን ቸገረው፣ ዘፈን ከፍቶ ጠረጴዛውን ያስደልቀው ጀመር፤ ከበሮው ደረቴ ውስጥ እስኪመታ ድረስ። "ባሱን ስሚው!" ይለኛል የወለደው ልጁ ይመስል እየኮራ። "ዘፈኑን ተወውና ሰው የሚያወራበት ነገር ክፈትልኝ" ስለው ከላይ እስከ ታች አየኝ። ይየኝ! ርካሽ ስፒከር ጉዱን የሚሸፍነው በከበሮ ነው፤ እኔ ዕቃውን የማውቀው ሰው አፉን ሲከፍትበት ነው። የምታወራዋ ሴት ወጣት ትሁን አሮጊት፣ ስቃ ትሁን አልቅሳ የምታወራው፣ ይህን ካልለየልኝ ለምኔ ነው? ይህን ያስተማረኝ አባቴ ነው፣ አፈር ይቅለለውና፤ ያውም ገልብጦ።

ያኔ የምንኖረው ሮቫ ጊሜል ነበር፣ ደረጃው ሁልጊዜ የተጠበሰ ዓሣና የልብስ ሳሙና በሚሸትበት፣ የላይኛው ጎረቤት ሲያስነጥስ የታችኛው "ይማርህ" በሚልበት አሮጌ ብሎክ ውስጥ። አባቴ ወደብ ላይ ዕቃ ያወርዳል። እናቴ ሆቴል ታጸዳ ነበር፤ በዚያ ዓመት ግን እርጉዝ ስለነበረች፣ ከዚያ በፊትም ፅንስ ተደጋግሞ ወርዶባት ስለነበር፣ የሰፈሩ ክሊኒክ፣ የኩፓት ሆሊም ሐኪሟ ከአልጋ እንዳትርቅ፣ ከሁሉም በላይ ግን እንዳትደነግጥ አዝዛታለች። እኔ የመጀመሪያዋ ነኝ፤ ከእኔ በኋላ ቤታችን የሕፃን ልቅሶ ሰምቶ አያውቅም።

የእናቴ እናት፣ እኔ እምዬ የምላት አያቴ፣ ከእናቴ ታናሽ እኅት ከትርንጎ ጋር ጎንደር ቀርታ ወደዚህ የመምጫ ፈቃድ ትጠብቃለች። ስልክ ውድ ስለነበር የምንገናኘው በኮምፒውተር ነው። ዓርብ ዓርብ ከቀትር በኋላ እነሱ ጎንደር ከተማ ኢንተርኔት ቤት ገብተው ማይክሮፎን ይይዛሉ፤ እኛ እዚህ ከሰው እጅ የገዛነውን፣ እንደ ወፍጮ የሚያጓራውን ኮምፒውተር ከብበን እንቀመጣለን። ጆሮ ላይ የሚደረገውን ማዳመጫ እናቴ አንድ ቀን ሞክራ ወረወረችው። "የእናቴን ድምፅ ለብቻዬ የምውጠው ምን ሆኜ ነው? ቤቱ ይስማው እንጂ!" አለች። ስለዚህ ስፒከር የግድ ነበር።

እንግዲህ በዚያ ክረምት መግቢያ እምዬ ሞተች። ጎንደር ቀበሯት። ሮቫ ጊሜል ያለ ሐበሻ ሁሉ በሳምንቱ ሰማ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ያልሰማችው እናቴ ብቻ ናት።

መርዶ እኛ ዘንድ ሥርዓት አለው። በስልክ አይነገርም፤ መንገድ ላይ አይነገርም፤ ሰው ብቻውን ቆሞ አይረዳም። ሽማግሌዎች በጠዋት ይመጣሉ፣ ሴቶች ግራና ቀኝ ይቀመጣሉ፣ ወሬው ከሩቅ ተጀምሮ ቀስ እያለ ይቀርባል፣ የሚወድቅ ሰው የሚይዘው እጅ አያጣም። ለእርጉዝ ደግሞ ጨርሶ አይነገርም። የብሎካችን ሽማግሌ አያ ታደለ ዘመዶቹን ሰብስበው "እስክትገላገል ድረስ ቃል የሚተነፍስ ወዮለት" ብለው ቆረጡ። እኔ ይህን ሁሉ አላውቅም ነበር፤ ሴቶቹ እናቴን ሲያዩ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ለምን እንደሚያደርጉ ብቻ ይገርመኝ ነበር።

እናቴ ግን ዓርብ አይቀርባትም። መጀመሪያ "እምዬ ገጠር ወርዳለች" ተባለች። ቀጥሎ "ጉንፋን ይዟት ድምፅዋ ተዘግቷል።" በሦስተኛው እናቴ ሳህኑን ገፍታ "ድምፅዋን ሳልሰማ እህል አልቀምስም" አለች። የእናቴን እልህ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ሁለት ቀን ውኃ ብቻ ጠጣች። አባቴ ከአያ ታደለ ጋር ደረጃው ላይ ሲንሾካሾክ ዋለ፤ በሚቀጥለው ዓርብ እምዬ "ድና" መጣች። እንደ እምዬ የተናገረችው ትርንጎ ነበረች።

ትርንጎ በድምፅ እናቷን ነው የወጣችው፤ ያም ቢሆን የሰላሳ ዓመት ሴት ጉሮሮና የሰባ ዓመት ጉሮሮ አንድ አይሆንም። ያዳነን ያ ጉደኛ ስፒከር ነው። ከውስጡ የሚገባ ድምፅ ሁሉ አርጅቶ፣ ወፍሮ፣ ጋን ውስጥ የተናገሩት ይመስል እያስተጋባ ይወጣል። እናቴ ፊቷ በርቶ በላች። በማግስቱ ግን ማጉረምረም ጀመረች፤ "ይሄ ዕቃ እናቴን አጠፋብኝ። ቃሏን እሰማለሁ፣ እሷን አልሰማትም። ሌላ አምጣልኝ።"

አባቴ እኔን አስከትሎ ሜርካዙ፣ ማለትም የሰፈሩ ገበያ፣ ውስጥ ወዳለችው ሱቅ ሄደ። ባለሱቁ ሆዱ የቀደመው የጆርጂያ ሽማግሌ ነበር፤ ስፒከሮቹን እንደ ዶሮ በየመደርደሪያው ሰቅሏቸዋል። አባቴ ዜና የምታነብ ሴት ያለችበት ጣቢያ አስከፈተና ዝቅ ብሎ "ሴትዮዋ ስንት ዓመቷ ትመስልሻለች?" አለኝ። "ወጣት ናት፣ ደስ ይላል ድምፅዋ" አልኩ። "አይሆንም፣ ሌላ።" ሁለተኛው ደግሞ እንደ ብርጭቆ የጠራ ነበር፤ ሴትዮዋ ምራቋን ስትውጥ ይሰማል። የአባቴ ፊት ጠቆረ። ሦስተኛው፣ ከሁሉም የረከሰው፣ ሴትዮዋን ጉም ውስጥ ከተታት። "ይቺስ?" "አሮጊት" አልኩት እየሳቅሁ። "ይሄን ጠቅልልልኝ!" ባለሱቁ እጁን አርገበገበ፤ "አንተ ሰው፣ ይሄ ዘቬል ነው፣ ቆሻሻ ነው፣ ያንን በዚሁ ዋጋ ልስጥህ!" ይለዋል። አባቴ ወይ ፍንክች።

ውጭ ወጥተን እኔ አላስቆም አላስቀምጥ አልኩት። "አባ፣ ጆሮህን አሞሃል? ጥሩውን ትተህ?" በአንዱ ዛፍ ሥር አጎንብሶ ነገረኝ። እምዬ እንደሌለች፣ የምትናገረው ትርንጎ እንደሆነች፣ እናቴ ብትሰማ ሕፃኑ እንደማይተርፍ፣ ምናልባት እሷም እንደማትተርፍ። "አንቺ ትልቅ ልጅ ነሽ" አለኝ። ትልቅ ልጅ አልነበርኩም። ማልቀስ እንኳ አልቻልኩም፤ ፊቴ አብጦ ብገባ እናቴ ትጠይቀኛለች። እስከ ቤት ድረስ ካርቶኑን አቅፌ ያን የስፖንጅ ሽታ እየሳብኩ ሄድኩ።

ከዚያ ወዲያ ያሉት ዓርቦች እሳት ነበሩ። ድምፁ ሲመጣ የማየው ኮምፒውተሩን ሳይሆን የእናቴን ሆድ ነው። ትርንጎ አንድ ጊዜ ሳቅ ሲያመልጣት፣ ያ የእሷ የራሷ ሳቅ፣ አባቴ ወንበር ገልብጦ ጫጫታ ፈጠረ። እናቴ በየጊዜው ሌላ ስፒከር ታስመጣለች፤ አባቴ በየጊዜው ከበፊቱ የባሰ ያመጣል። ጎረቤቱ "ምስኪን፣ ወደብ ላይ ያለው ጩኸት አደንቁሮታል" ብሎ አዘነለት።

አንድ ሐሙስ እናቴ ከኩፓት ሆሊም ስትመለስ እኔ አብሬያት ነበርኩ። ወሯ ገብቷል፤ አሥር እርምጃ ሄዳ ታርፋለች። ሱቁ በር ላይ ስትደርስ ወገቧን ይዛ ቆመች። "እስኪ እኔ ራሴ ልየው፣ የአባትሽን ምርጫ ጠገብኩ" ብላ ገባች። ባለሱቁ ዕቃ የሚያውቅ ደንበኛ መጣለትና ዓይኑ በራ፤ ያን የጠራውን አወረደው። እኔ የጉሙን ዓይነት አንሥቼ "እማ፣ ይሄ ይሻላል፣ ይጮኻል እኮ!" ብላት "ጩኸት ምን ያደርግልኛል፣ ልጄ? እናቴ ስትተነፍስ ልስማት" አለች። አፏን ገጥማ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ አዳመጠች። "ይሄ ነው።"

ዓርብ አባቴ ከሥራ ሲገባ አዲሱ ስፒከር ጠረጴዛው ላይ ነበር። ቦርሳውን ሳያወርድ ቆመ። "ዛሬ ይቅር፣ ሰንበት ሊገባ ነው፣ ደክሞሻል" አለ። "ሰካው" አለች። "የሺዬ…" ብሎ ስሟን ጠራ። "ሰካው አልኩህ እኮ!" ሰካው።

ድምፁ መጣ። ጎንደር ያለው የታክሲ ጡሩምባ ሳይቀር ቤታችን ገባ። ትርንጎ እንደ አሮጊት ቃሏን እየጎተተች "ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽልኝ" አለች፤ ከቃሉ በፊት የሳበችው ትንፋሽ፣ ያ ወጣት ሙሉ ትንፋሽ፣ ጥርት ብሎ ተሰማ። አባቴ ከኋላዋ እጆቹን ዘርግቶ ቆሟል፣ ብትወድቅ ሊይዛት። እኔ ጥፍሬን በላሁ። ትርንጎ "ሃሎ? ሃሎ?" ትላለች።

"አለሁ፣ እምዬ" አለች እናቴ። "ትርንጎስ?"

"ሥራ ሄዳለች።"

እናቴ የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘች። ጣቶቿ ነጡ። "ደርሻለሁ፣ እምዬ። እንግዲህ መርቂኝ" አለች።

በእኛ ዘንድ ምጥ የደረሰባትን የምትመርቀው እናት ናት፤ ታናሽ እኅት ታላቋን አትመርቅም። ትርንጎ አፍንጫዋን በልብሷ ስትጠርግ ሳይቀር ተሰማን። ከዚያ ጀመረች፦ "በሰላም ይገላግልሽ። ማኅፀንሽን ያለምልመው። የወለድሽውን ያሳድግልሽ። ያንቺን ዕድሜ ከእኔ ያርዝመው።" እናቴ በያንዳንዱ "አሜን" አለች። እንባዋ አገጯ ላይ ይንጠባጠባል፣ ድምፅዋ ግን አልተሰበረም፤ እኔ እስከ ዛሬ እንዲህ ያለ ጉልበት በሰው ላይ አላየሁም።

መጨረሻ ላይ "ትርንጎን በርቺ በያት" አለች። "ብቻዬን ቀረሁ እንዳትል። እኅቷ አለሁ በያት።"

አባቴ በረንዳ ወጥቶ በሩን ዘጋ። እናቴ ፊቷን ታጥባ ለሰንበት ጠረጴዛውን ማልበስ ጀመረች።

ወንድሜ በሳምንቱ ተወለደ፤ ሲጮህ ኮሪደሩን አናጋው። የብሪቱ፣ የግርዛቱ፣ ድግስ አልፎ፣ አራሷም ጠንታ፣ አንድ ጠዋት አያ ታደለ ሽማግሌዎቹን አስከትለው መጡ። ሴቶቹ ግራና ቀኝ ተቀመጡ። አያ ታደለ ከአብርሃም፣ ከይስሐቅ ጀምረው ረጅሙን መንገድ ሲመጡ እናቴ አንድም ጊዜ አላቋረጠቻቸውም፤ የእምዬ ስም ሲጠራ ብቻ ደረቷን መትታ ወደቀች፣ ያዟት። ያን ሁሉ ሳምንት ውስጧ ቆልፋ የያዘችው ልቅሶ እንዴት እንደወጣ አልነግራችሁም። በኋላ፣ ሳድግ፣ "ለምን ዐውቄያለሁ አላልሻቸውም?" ብላት "ሰው ይህን ያህል ደክሞልኝ?" አለችኝ።

ትርንጎ ከዓመታት በኋላ መጣች፤ ሮቫ ዩድ ውስጥ ቤት ተከራይታ፣ በየዓርቡ እናቴ ጋ እየመጣች፣ ሁለቱ ሲሣሣቁ ድምፃቸውን መለየት ያቅተኝ ነበር። አባቴንና አያ ታደለን ግን አፈር በላቸው። እዚያ ጠዋት ከመጡት ሽማግሌዎች ዛሬ በሕይወት ያለ የለም።

ባለፈው ክረምት ትርንጎ ታማ ሆስፒታል ገባች፣ በሕይወት አልወጣችም። እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ፤ ደውለው ሲነግሩኝ መጀመሪያ ያሰብኩት እናቴን ነው፤ ሰው ልሰበስብ፣ ወንድሜን ልጠራ፣ ማርዳት የሚያውቅ ሽማግሌ ልፈልግ ብዬ አውቶቡስ ላይ ሆኜ ስደዋውል፣ ከዘመዶቻችን አንዷ ወጣት ግማሹን በዕብራይስጥ፣ ግማሹን በአማርኛ መርዶውን በድምፅዋ ቀድታ ወደ ቤተሰቡ የስልክ ግሩፕ ላከችው። ክፋት የላትም፤ እሷም እያለቀሰች ነው። እናቴ ስልኳ ላይ የመጣውን ሁሉ ትጫናለች። ሽንኩርት እየከተፈች፣ ብቻዋን ቆማ ሰማችው።

ስደርስ ቢላዋው እጇ ላይ ነበር። ወሰድኩባት። አላለቀሰችም። ወንበር ስቤ አስቀመጥኳት፣ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረግሁላት፣ ዓይኗን ወደ በሩ አዞረች።

"ማንም አይመጣም?" አለችኝ።

"ይመጣሉ፣ እማ። ከሥራ ሲወጡ።"

"እንግዲያው ያንን ስልክ አጥፊውና መርዶውን አንቺ አርጂኝ።"

ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ። እጇን ያዝኩ። አፌን ከፈትኩ፤ እንዴት እንደሚጀመር አላውቅም ነበር።