ከጣሪያው የመጣው ሙሾ

ለንደን፣ ዋይት ሲቲ ባለው ትልቅ የገበያ አዳራሽ ጫማ እየለካሁ ሳለ የገዛ ለቅሶዬ ከጣሪያው ድምፅ ማጉያ መጣብኝ። አንደኛው እግሬ ባዶ ነበር። መጀመሪያ ከበሮው ተሰማ፤ ቀጥሎ እንደ መጋዝ የሚፋጭ ጊታር፤ ከዚያ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ «እማዬ!» ብላ ጮኸች። ብርድ ከባዶው እግሬ ተነስቶ አናቴ ድረስ ወጣ። ሰው ዕቃውን አንጠልጥሎ ይተላለፋል። ቀና ብሎ ያየ የለም።

ጫማውን የምታቀርብልኝ ልጅ የእኛው አገር ሰው ነች፣ እዚሁ የተወለደች። «እማማ፣ አር ዩ ኦኬ? ይሄ ሳውንድ እኮ አሁን ሁሉም ሰው ቪዲዮው ላይ ያደርገዋል። ጎስት ናት ይላሉ። ግን አማርኛ አይመስልም?»

«አይመስልም» አልኳትና ሳልገዛ ወጣሁ።

መንፈስ ስባል የመጀመሪያዬ አይደለም።

በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ስቶክዌል ውስጥ ከአንዲት ያገሬ ልጅ ጋር አንዲት ክፍል ተጋርተን እንኖር ነበር። እኔ ነርስነት እማራለሁ፤ እሷ ልብስ ስፌት። በዕድሜ ስለምትበልጠኝ እትዬ እላት ነበር። ክፍላችን ጋዝና ሙጫ ይሸታል። ሙጫው የደንበኛዋ፣ የአንድ ዘፋኝ ነው። ዐይኑን የሚኳል፣ ብርማ ቡትስ የሚጫማ እንግሊዛዊ ነበር፤ ልብሱ ላይ የሚያብረቀርቀውን ቅንጣት ሁሉ የምትለጥፍለት እሷ ናት። በዚያ ዘመን የለንደን ዘፋኞች እንደዚያ ያብረቀርቁ ነበር። ሲስቅ ከጉንጩ ብልጭልጩ እየረገፈ ሻያችን ውስጥ ይገባል። አልወደውም ነበር። ዛሬም አልወደውም።

ሸክላ ሊያስቀርጽ ነው። ዘፈኑ ስለ ሞተች ንግሥት ነበር፤ መጨረሻው ላይ የሴት ለቅሶ ፈልጎ ያመጣቸው ሁሉ ቲያትር ሆነውበታል። ስለ እኔ የነገረችው እትዬ ናት። እናቴ በሰፈራችን ሙሾ አውራጅ ነበረች፤ ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚላክባት እሷ ነበረች። በልጅነቴ የነጠላዋን ጫፍ ይዤ ስንት ለቅሶ ቤት ተከትያታለሁ። ግጥሙን በቃሌ አውቀዋለሁ።

«ሰው ሳይሞት ሙሾ ይወረዳል እንዴ? ሟርት ነው፣ እትዬ።»

«እነሱ እንደሆነ ዘፈን ነው የሚሉት። አንቺ ምን ቸገረሽ?»

«እናቴ ብትሰማ ምን ትለኛለች?»

ከመርፌዋ ቀና አላለችም። «አትሰማም» አለችኝ።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ሄድን። ስቱዲዮው ምድር ቤት ነው፤ ግድግዳው በእንቁላል ካርቶን ተለብጦ ድምፅ ይውጣል። የተናገርኩት ሁሉ ከአፌ እንደወጣ ይሞት ነበር። ከመስታወቱ ወዲያ ዘፋኙ፣ ድምፅ ቀራጩና እሷ ተቀምጠዋል። ቀዩ መብራት ሲበራ የእናቴን ግጥም ጀመርኩ። ሟቿ የምትጠራበት ቦታ ስደርስ «ንግሥቴ» እንድል ነበር የተስማማነው። አፌ ግን «እማዬ» አለ። ለምን እንዳለ አላውቅም። በጆሮ ማዳመጫው ውስጥ ሌላ ሴት የምትጣራ መሰለኝ። ከዚያ በኋላ ማቆም አልቻልኩም፤ ደረቴን ስደቃ ማይክራፎኑን ጣልኩት። ቀና ስል ዘፋኙ እየዘለለ ያጨበጭባል፤ ኩሉ ጉንጩ ላይ ወርዷል። «ብሪሊያንት! ብሪሊያንት!» እሷ ጀርባዋን ለመስታወቱ ሰጥታ ቆማለች።

ሸክላው ወጣ። ሽፋኑ ላይ የእኔ ስም የለም። ሬዲዮ ጥቂት ጊዜ አጫውቶት ተረሳ። ዘፋኙ ግን ያንን ድምፅ ሰው አላወጣውም፣ የመቅረጫው ክር ላይ በራሱ ተገኘ እያለ ለጋዜጠኛ ሁሉ ያወራ ጀመር፤ እስኪሞትም ይህንኑ አወራ። አሮጌ ሸክላ የሚሰበስቡ ሰዎች አመኑት። እኔ ሆስፒታል የሰው አልጋ ሳነጥፍ እነሱ በሕይወት ኖሬ እንደማላውቅ ይከራከሩ ነበር። ይህን ይቅር አላልኩትም። ይህ ግን ትንሹ ነው።

ፈተናዬን በጨረስኩ ማግስት፣ ገና ሳይነጋ፣ በራችን ተንኳኳ። ለንደን የነበሩ ያገሬ ሰዎች ጥቁር ለብሰው ደረጃውን ሞልተውታል። ከታላላቆቹ አንዱ መነጽሩን አውልቆ «ልጄ፣ በርቺ» ሲል ገባኝ። እናቴ ሞታለች። መቼ? ስቱዲዮ ከመግባቴ በፊት። ወሬው መጀመሪያ የደረሰው ለእትዬ ነው፤ ፈተናዋ እስኪያልፍ መርዶው ይቆይ ብለው ታላላቆቹ ወሰኑ። ደንባችን ነው፤ እሱን አልወቅስም። እሷ ግን አፏን ይዛ አብራኝ በላች፣ አብራኝ ተኛች፣ ከዚያም ለዚያ ብልጭልጭ ብላ በእናቴ ሞት አዘፈነችኝ። እንደዚያ ነበር የገባኝ።

ያን ቀን አንድ ጠብታ እንባ አልወጣኝም። «ደንዳና ልጅ» ሲባል ሰማሁ። እንባዬ በሸክላ ተቀርጾ ሱቅ ውስጥ ተደርድሯል፤ ከየት ላምጣ? በዚያው ሳምንት ክፍሉን ለቀቅኩ። ቤተ ክርስቲያን ሳያት በሌላኛው በር እወጣ ነበር። እንዲህ እንደተሸሻሸን አረጀን።

ከጫማ ቤቱ በወጣሁ በሳምንቱ በትራም ክሮይደን ሄድኩ። እትዬ እዚያ፣ ማዘጋጃ ቤቱ በሰጣት አፓርታማ ብቻዋን ትኖራለች፤ ዐይኗ ጠፍቷል። በሩን ከፍታ «ማነው?» አለች። ስሜን ከመናገሬ በፊት ቀደመችኝ።

«አተነፋፈስሽን አውቀዋለሁ። ግቢ፣ ብርድ አታስገቢብኝ።»

ሳልቀመጥ ጠየቅኳት። «ለእሱ ብለሽ ነው፣ አይደል?»

«ለማን? ለዚያ ኩል ለተቀባ ፌንጣ?» ሳቋ ሳል ሆነባት። «የእናትሽ አርባ እየደረሰ ነበር። አንቺ ቁጭ ብለሽ የአጥንት ስም ትሸመድጃለሽ። ለስንቱ ሙሾ ያወረደች ሴት፣ የገዛ ልጇ ሳታለቅስላት አርባዋ ሊወጣ! እንዳትነግሪ ብለው ከለከሉኝ። እንዳታስለቅሺ ግን አላሉኝም።»

«በኋላስ ለምን አልነገርሽኝም?»

«መች ቆመሽልኝ?»

ተቀመጥኩ። ከዚያ ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ እሄድ ነበር። ፍቅር ሆነ አልልም። ሻይሽ ውሃ ነው ትለኛለች፤ ቀድሞስ ምን ታውቂያለሽ እላታለሁ። አንድ ቀን «ልጅ የለኝ፤ ለእኔ ማን ያወርድልኛል?» አለችኝ።

«ሟርተኛ» ብዬ ጉልበቷን በብርድ ልብስ ሸፈንኩላት።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ሞተች። ለእኔ መርዶ የሚደብቅልኝ ታላቅ አልቀረም፤ በስልክ ነገሩኝ። በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ተሰበሰብን። የዛሬ ሴቶች ሙሾ አያወርዱም፤ መዝሙር ከፍተው በዝግታ ይቀመጣሉ። እኔ ተነሳሁ፤ ነጠላዬን ወገቤ ላይ አሰርኩ። የወጣው ድምፅ ሻካራ ነበር፤ መሀሉ ላይ ይሰበራል። ስሟን ጠራሁ። አዳራሹ ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ ማን እንደምታለቅስ፣ ለማንም እንደምታለቅስ ያውቅ ነበር።