ሥር ብቻ የቀራት እናት

ተማሪዎቿ «ባለኮከቧ» ይሏታል፤ ደግሞም ያለ ምክንያት አይደለም። የምታስተምረው ከብዙ ሺህ ዓመት በፊት ይነገር የነበረ፣ ማንም ጽፎት የማያውቅ ቋንቋ ነው፤ ከሂንዲ እስከ እንግሊዝኛ ያሉት የኢንዶ-አውሮፓ ቋንቋዎች ሁሉ አያት። ሊቃውንት የልጅ ልጆቹን እያነጻጸሩ መልሰው ገነቡትና፣ በየቃሉ ፊት አንዲት ኮከብ ያስቀምጣሉ፤ «ይህን በጆሮው የሰማ ሰው የለም» ለማለት ነው። ሰሌዳዋ በኮከብ ተሞልቶ ይውላል።

«ቃል ሦስት ነገር ነው» ትላለች። «ሥር፣ ቅጥያና መድረሻ። ሥሩ ነገሩን ይናገራል፤ ቅጥያው ምን ዓይነት ቃል እንደሆነ፤ መድረሻው ማን ለማን እንዳለ። ሥሩም ቢሆን አርፎ አይቀመጥም። እኛ ሰበረ፣ ሰባሪ፣ ስብራት እንደምንለው አናባቢው ይለዋወጣል። የመሸከምን ሥር ውሰዱ፦ ቤር፣ ቦር፣ ብር።»

«መምህር፣ ሸክሙ ብር ከሆነ እኛ አለን!» ይላል አንዱ ከኋላ። ክፍሉ በሳቅ ያውካካል፤ እሷም አብራ ትስቃለች።

ሳቋ የጠፋው እናቷን ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ ነው። ጎረቤት «ሬዲዮ» የሚላቸው፣ «ከአፍ የወጣ አፋፍ» ሲባል ሰምተው ደንታ የማይሰጣቸው ሴት፣ ከሆስፒታል ሲመለሱ የቀራቸው ቁርጥራጭ ቃል ብቻ ነበር። ውሃ። በር። ና። ለወንዱም ና፣ ለሴቷም ና፣ ለገዛ ልጃቸውም ና። ይቺ «ና» አንጀቷን አቃጠለችው። እናቴ ማንነቴን ረስታዋለች ማለት ነው? ሐኪሙን ብትጠይቀው እሱም እርግጠኛ አልነበረም።

እናም ከሥራ ስትመለስ አልጋው አጠገብ ወንበር ስባ ማስተማር ጀመረች።

«እማዬ፣ በይ እስቲ። ለእሱ ና፣ ለእኔ ነይ።»

«ና» ይላሉ እናት።

ታናሽ ወንድሟ ሾርባ ይዞ ሲገባ ይህን ሰማ። «እህት ዓለም፣ እማዬን ፈተና ልታስቀምጫት ነው?»

«ሥሩ ብቻ ቀረ እኮ! መድረሻ የሌለው ቃል ለማን እንደተባለ በምን ይታወቃል?»

«እኔ ና ስትለኝ እመጣለሁ። አንቺም ዝም ብለሽ ነይላት።»

ተቆጣች። እሱ ምን ያውቃል ብላ ማስተማሯን ቀጠለች፤ ግትርነቷ የእናቷ ነው።

አንድ ከሰዓት በኋላ እናት ሰለቻቸውና ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። «እሺ፣ ይቅር። አደከምኩሽ» ብላ ተነሣች። ብርድ ልብሱን ማጣጠፍ ስትጀምር ሆድ ባሳትና እንባዋ መጣ። ድምፅዋን ልታፍን ብትሞክርም አልሆነላትም።

እናት ቀስ ብለው ዞሩ። ከንፈራቸው ታገለ። «አ…» አሉ።

«ምን ላምጣልሽ እማዬ? ውሃ ነው?»

ራሳቸውን በእምቢታ ነቀነቁ፤ ደህናውን እጃቸውን ዘረጉ።

«አታልቅሺ» አሉ።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ይህን ቃል ገነጣጥላ፣ ለሴት የምትባለውን መድረሻ «ሺ»ን ጭምር፣ ሰሌዳ ላይ ትደረድረው ነበር። ያን ዕለት ግን የእናቷን ትእዛዝ እንኳ መፈጸም አቃታት፤ እጃቸውን ይዛ ጭራሽ ብሶባት አለቀሰች።